በድሪቶ የተጠቀለለ አጽም፦ የቶኒ ሞሪሰንን «ሆም» ለማንበብ

«ሆም» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል ይመስላል። «ቤት» ብሎ መገላገል ይቻላል። ነገር ግን ቤት ስንል ግድግዳውና ጣራው ይቀድማል። «አገር» ስንል ደግሞ ነገሩ ይሰፋና ድንበርና ባንዲራ ይከተለዋል። ከሁሉ የሚቀርበው ከአገር የወጣ ሰው ከአፉ የማይለየው «አገር ቤት» የሚለው ጥምር ቃል ነው። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ሰው «አገር ቤት ደውዬ ነበር» ሲል ስልኩን ያነሣችው እናቱ ትሁን እህቱ፣ ከተማው ጎንደር ይሁን ደሴ፣ ቃሉ ሁሉንም አቅፎ ይይዛል። ሰዉ፣ መንደሩ፣ ያልተከፈለው የለቅሶ ብድር፣ ተኳርፎ የተለዩት ዘመድ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን አሥረኛ ልቦለድ በ2012 ሲታተም ርዕሱ ይህችው አንዲት ቃል ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፍራንክ መኒ የሚባል፣ ከኮሪያ ጦርነት የተመለሰ የ24 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ታናሽ እህቱ ልትሞት እንደሆነ የሚናገር አጭር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጆርጂያ ይጓዛል። እህቱን ካለችበት አንሥቶ ሁለቱም ወደሚጠሉት የልጅነት መንደራቸው ይወስዳታል። መንደሩ ሎተስ ይባላል፤ ደራሲዋ የፈጠረችው ስለሆነ በካርታ ላይ አይገኝም።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ መቶ ሃምሳ ገጽ እንኳ አይሞላም። የሞሪሰንን ስም ሰምቶ ለመጀመር የፈራ ሰው ብዙ ነው፤ እውነትም አንዳንዶቹ ሥራዎቿ አንባቢን ያደክማሉ። ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ታሪኩ ቀጥተኛ፣ ጉዳዩ ደግሞ በየቤታችን ያለ ነው። የተለያየ ቤተሰብ እንደገና ሲገናኝ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ይቅር ለመባባል ምን መነገር አለበት? ልቦለዱ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ እኛ ከለመድነው ይለያል፤ ልዩነቱንም ለማየት ከደራሲዋ ብንጀምር ይጠቅማል።

ሞሪሰን በ1931 በኦሃዮ ግዛት፣ ሎሬይን በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደች። በ1993 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ስትቀበል በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ2019 አረፈች። አባቷ ግን የሰሜን ሰው አልነበረም። የተወለደው ጆርጂያ ውስጥ ካርተርስቪል በምትባል ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳለ በሰፈሩ የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች በነጮች መንጋ ፍርድ ተገደሉ፤ ከዚያም አካባቢውን ለቅቆ ወጣ። ስለዚህ ፍራንክ መኒ የሚመለስባት ጆርጂያ ለሞሪሰን እንዲሁ የተመረጠች ቦታ አይደለችም። አባት ሸሽቶ የወጣበትን ምድር ልጅ በልቦለድ ተመልሳ ረገጠችው።

ሌላም ሐዘን አለ። መጽሐፉን በመጻፍ ላይ ሳለች፣ በታኅሣሥ 2010፣ የሕፃናት መጻሕፍትን አብሯት ይጽፍ የነበረው ልጇ ስሌድ በካንሰር ሞተ። 45 ዓመቱ ነበር። ሞሪሰን መጻፍ አቆመች። ኋላ ስትናገር እንደተሰማው፣ እናቱ በእሱ ምክንያት ሥራዋን እንድትተው ልጇ እንደማይወድ አስባ ነው ወደ ብዕሯ የተመለሰችው። የመጽሐፉ መታሰቢያ ገጽ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። አንዳች ማብራሪያ አልተጨመረበትም።

ወደ ታሪኩ እንግባ። የፍራንክ ቤተሰብ የሎተስ ተወላጅ አይደለም። ቀድሞ የሚኖሩት ቴክሳስ፣ ባንዴራ አውራጃ ነበር። ፍራንክ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በዚያ የሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቤታቸውን ለቅቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከአዛዦቹ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ አንዳንዶቹ ለመሸፈን እንኳ አልተጨነቁም። አልወጣም ብለው ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ተደብድበው ሞቱ። የፍራንክ እናት ነፍሰ ጡር ነበሩ። በእግር ሲጓዙ የሕፃኑ ጫማ ሶል ተላቀቀና አባቱ የራሳቸውን ጫማ ማሰሪያ ፈትተው አሰሩለት። ታናሽ እህቱ የተወለደችው በዚያ ስደት መንገድ ላይ ነው። ስሟ ይሲድራ ነው፤ ሁሉም «ሲ» ይሏታል። ቤቱን በአንድ ቀን ለቅቆ እንዲወጣ የታዘዘ ሰው ታሪክ ለኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ያቺን የጫማ ማሰሪያ ሳነብ ብዙ ቆየሁባት።

ሎተስ ደርሰው የተጠጉት ሴሌም በሚባሉት አያት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ግን የአያትየው ሚስት ሌኖር ናቸው፤ እንጀራ አያት መሆናቸው ነው። ሌኖርም ባላቸውን በጥይት አጥተው የተሰደዱ ሴት ናቸው። መከራ ሁልጊዜ ሰውን አያለሰልስም፤ እሳቸውን አክርሯቸዋል። ቤታቸው በሰው መጣበቡን አልወደዱም፤ ያን ጥላቻቸውንም በሕፃኗ ላይ አወረዱት። መንገድ ላይ የተወለደች ልጅ መጨረሻዋ አያምርም ብለው ያምናሉ፤ ይህንኑም ለሲ ሳያሰልሱ ነገሯት። እናትና አባት ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ፤ ደክሟቸው ለልጆቻቸው የሚተርፍ ቃል የላቸውም። ልጅቷን ያሳደጋት በአራት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ነው።

እኛ «ወንድም ጋሻ ነው» እንላለን። ፍራንክ የእህቱ ጋሻ ነበር። የልቦለዱ የመጀመሪያ ገጾች ይህንን ያሳዩናል። ሁለቱ ሕፃናት በረጅም ሣር ውስጥ ተደብቀው የፈረሶችን ፍልሚያ ሲያዩ ይቆያሉ። ሊመለሱ ሲሉ ሰዎች ሬሳ ሲቀብሩ ያያሉ፤ ከጉድጓዱ የወጣች እግር ስትንቀጠቀጥና በአካፋ ወደ ውስጥ ስትገፋ። ሲ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ፍራንክ አጥብቆ አቅፎ ፍርሃቷን ወደ ራሱ ይስባል።

ውብ ትዕይንት ነው። ነገር ግን ሞሪሰን ቆይታ አንድ ከባድ ጥያቄ ታነሣለች። ጋሻው ሲሄድ ከጋሻው ሥር የነበረው ምን ይሆናል? ፍራንክ ሎተስን ጠልቶ፣ ማይክና ስታፍ ከሚባሉ ሁለት የልብ ጓደኞቹ ጋር ወታደር ሆኖ ሄደ። ሲ ክፉውን ከደጉ የሚለይላት ወንድም ከጎኗ ስላልነበረ ገና በ14 ዓመቷ ለመጀመሪያው አማላይ ተሸነፈች። ሰውየው አገባት፤ አትላንታ ወሰዳት፤ የሌኖርን መኪና ይዞ ጥሏት ጠፋ። ልጅቷ ብልህነት አጥሯት አይደለም። ለራሷ ማሰብን የሚጠይቅ ጊዜ ስላልገጠማት አልተለማመደችውም። ይህን ሐሳብ ልብ አድርጉልኝ፤ የመጽሐፉ ማዕከል እዚህ ጋ ነው።

ስለ ኮሪያው ጦርነት አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ንባቡን ያግዛል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በሐምሌ 1948 ባወጡት ትዕዛዝ የአሜሪካ ጦር ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ማሰለፉ እንዲቀር ተወሰነ። ከ1950 እስከ 1953 የተካሄደው የኮሪያ ጦርነት ይህ ትዕዛዝ በተግባር የታየበት የመጀመሪያው ጦርነት ነው። ስለዚህ ፍራንክ ከነጭ ወታደር ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። አገሩ ሲመለስ ግን ሻይ የሚጠጣበትን ቤት እንኳ መርጦ ነው የሚገባው። በጉዞው ላይ ጥቁር መንገደኞች የሚያድሩበትንና የሚበሉበትን ቦታ የሚዘረዝረው፣ ቪክተር ሁጎ ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረው መምሪያ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። አንድ ጥቁር መንገደኛ ባቡሩ በቆመበት ቡና ሊገዛ ወርዶ ሲደበደብ፣ ልትረዳው የወጣችው ሚስቱም በድንጋይ ፊቷን ስትመታ ያያል። ቺካጎ ያሳደረው ሰው ልጅ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶበት ክንዱ ሽባ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ኮሪያ ለኢትዮጵያውያንም የሩቅ ስም አይደለችም። ኢትዮጵያ የላከችው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፏል። በተከታታይ የሄዱት ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። እነዚያ ዘማቾች ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት የሚያሳድግ ቤት አቋቁመው ነበር። ይህ የኛ ታሪክ ነው፤ የልቦለዱ አይደለም። የማነሣው አባቱ ወይም አያቱ ቃኘው የነበሩ አንባቢ በፍራንክ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ስለሚኖር ነው፤ ብርዱን፣ በሌሊት መባነኑን፣ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ወሬ ማስቀየሩን። ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1980 ነው። ፍራንክ በሕመሙ በሚሰቃይበት ጊዜ ያ ስም ገና አልነበረም። በልቦለዱ መጀመሪያ የምናገኘው ሆስፒታል አልጋ ላይ ታስሮ፣ የተኛ መስሎ፣ የሚያመልጥበትን መንገድ ሲያውጠነጥን ነው። በበረዶ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የደረሰው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሁለቱ ጓደኞቹ እጁ ላይ ሞተዋል። ሎተስ ያልተመለሰውም ለዚህ ነው፤ የማይክንና የስታፍን ቤተሰቦች ዓይን እንዴት ያያል? ከሞት የተረፈ ሰው ሐፍረት ይህን ያህል ያርቃል። አንዳንድ ጊዜ ከቤተሰብ የምንርቀው ስለተቀየምን አይደለም። ፊታቸውን ስናይ የሚመጣውን ጥያቄ ስለምንፈራ ነው።

ሲ በዚህ ጊዜ ከአትላንታ ዳር፣ የአንድ ነጭ ሐኪም ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሐኪሙ ድሆችን የሚረዳ ደግ ሰው ይመስላታል። መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ያሉት ርዕሶች ግን «ዩጄኒክስ» ስለሚባለው፣ የሰውን ዘር እየመረጡ ማሻሻል ይቻላል ስለሚል ትምህርት ናቸው። ሲ ርዕሶቹን ታያለች፤ ትርጉማቸውን አታውቅም። እንዲያውም ሳትማር በመቅረቷ ታፍራለች። ሐኪሙ ሙከራውን በማኅፀኗ ላይ ያደርጋል። ይህን ሞሪሰን ከአየር አልፈጠረችውም። ጆርጂያ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ለማምከን የሚያስችለውን ሕግ ያወጣችው በ1937 ነው፤ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ሕግ መክነዋል። የመብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመር በ1961 በሚሲሲፒ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ገብታ ማኅፀኗ ሳታውቅ ወጥቷል። ሲ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። ለፍራንክ ደብዳቤ የጻፈችው የሐኪሙ ቤት ሠራተኛ ሣራ ናት፤ ደብዳቤው ከዘገየ እንደማያገኛት ብቻ ይናገራል።

አሁን ፍራንክ ይደርሳል። በየመንገዱ ሰው ሲመታ ያየ፣ ጓደኞቹን የገደለበት ጠላት ላይ ሲተኩስ የከረመ ወታደር ነው። አንባቢ ደም ይጠብቃል። ሐኪሙ ሽጉጥ ያነሣል፤ ጥይት የለውም። ፍራንክ ሰውየውን አይነካውም። ወደ ክፍሉ ገብቶ የደነዘዘች እህቱን በክንዱ አቅፎ በፊት ለፊቱ በር ይወጣል። በቃ። እኔ ይህን ትዕይንት ከመጽሐፉ ትልልቅ ጊዜዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የፊት ለፊቱ በር የሚለውን አትለፉት፤ በዚያ ዘመን በደቡብ ለጥቁር አገልጋይ የተፈቀደው የጓሮው በር ነበርና።

ብዙ ደራሲ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰው ነበር። ወንድም እህቱን አዳነ፤ ጋሻ ሥራውን ሠራ። ሞሪሰን ግን ሎተስ እንደደረሱ በሩን በፍራንክ ላይ ትዘጋበታለች። ሲን የተረከቧት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ መሪያቸው ሚስ ኤተል ፎርድሃም። በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ዘንድ ትልቅ ሴት ስሟ ላይ «ሚስ» የሚጨመርላት እኛ «እትዬ» እንደምንለው ነው፤ ስለዚህ እትዬ ኤተል ልበላቸው። እትዬ ኤተል ወንድ እንዳይገባ ከለከሉ። ፍራንክ እህቱን ለሁለት ወር አላያትም።

እነዚህ ሴቶች እንደምንጠብቃቸው አይደሉም። አያባብሏትም፤ አብረዋት አያለቅሱም። ቅጠል ይቀቅላሉ፣ ያጥቧታል፣ ያበሏታል፤ በመጨረሻም ፀሐይ እንድትሞቅ ያደርጓታል። እያከሟት ይቆጧታል። ያ ሰውዬ ክፉ መሆኑን እንዴት አላወቅሽም? ማን ነው አንቺ ከእሱ ታንሻለሽ ያለሽ? እትዬ ኤተል ዋናውን ነገር ሳያለሳልሱ ይነግሯታል፤ ነጻ ሰው እንደሆነች፣ ራሷን የማዳን ግዴታ ያለባትም እሷው እንደሆነች። ማንበብ የማይችሉ፣ ከመንደራቸው ያልራቁ ሴቶች ናቸው፤ እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። ሲ እያገገመች አብራቸው መስፋት ተማረች። የሚሰፉት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ነው። አማርኛ «ድሪቶ» የሚል ቃል አለው፤ እኛ ጋ የችግር ልብስ ነው፣ ስሙም ሳይከበር ኖሯል። በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች እጅ ግን ያው ቁርጥራጭ ተመርጦ፣ ቀለሙ ከቀለም ተስማምቶ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ጥበብ ሆኗል። የሲ የመጀመሪያ ድሪቶ አላማረም። ያን ያላማረ ሥራዋን አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

ሲ ልጅ መውለድ እንደማትችል ተነገራት። ለወንድሟ ስትነግረው ፍራንክ እንደ ልማዱ ሊያጽናናት፣ አታልቅሺ ሊላት ይሞክራል። አልቀበልም አለችው። ማዘን ካለብኝ ላዝን፤ እውነቱ የሚያም ስለሆነ ብቻ ከሱ አልሸሽም የሚል ነው የመልሷ መንፈስ። በልጅነቷ መንቀጥቀጧን ለወንድሟ ክንድ የምትሰጥ ልጅ አሁን ሐዘኗን ራሷ ትይዛለች። ቀጥላም የማትወልዳት ሕፃን በየሥፍራው እንደምትታያት፣ ጥርስ በሌለው አፏ ፈገግ እንደምትልላት ትነግረዋለች።

ፍራንክ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ልቦለዱ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚተረክ ማወቅ ያስፈልጋል። ምዕራፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ረጃጅሞቹን ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ይነግረናል። አጫጭሮቹና በጋደለ ፊደል የታተሙት የፍራንክ የራሱ ድምፅ ናቸው፤ ታሪኩን ለሚጽፈው ሰው ይናገራል፣ ይሟገታልም። ተራኪው ከባቡሩ ወርዶ የተደበደበው ሰው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ይመታል ብሎ ፍራንክ እንዳሰበ ይጽፋል። ቆይቶ ፍራንክ፣ ይህን አላሰብኩም፣ ተሳስተሃል ይላል። አንባቢ በዚህ ጊዜ ተራኪውን መጠርጠር ይጀምራል። ቀስ ብሎ ግን መጠርጠር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ፍራንክ ቀደም ሲል ኮሪያ ውስጥ ስላየው ነገር ነግሮናል። አንዲት ሕፃን የወታደሮች ቆሻሻ ውስጥ የሚበላ ስትፈልግ በየጊዜው ትመጣለች። አንድ ቀን ሌላ ዘብ ገደላት። እንዲህ ነበር ያለን። አሁን ግን፣ የእህቱን ቃል ከሰማ በኋላ፣ እውነቱን ያወጣል፦ ሌላ ዘብ አልነበረም፤ የገደላት እሱ ራሱ ነው። ሕፃኗ በውስጡ የቀሰቀሰችውን አሳፋሪ ስሜት መሸከም አቅቶት ተኮሰባት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። የእህቱ ያልተወለደች ሕፃን ፈገግታ ያቺን ሕፃን አስታወሰው። ለጓደኞቹ ያፈሰሰው እንባ ሁሉ ይህን ሌላ ነገር መሸፈኛም ነበር።

እኛ አገር እርቅ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከሁሉ በፊት «እውነቱን አውጡ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ተሸፋፍኖ እጅ መጨባበጥ እርቅ እንዳልሆነ ከማንም በላይ እነሱ ያውቁታል። ሞሪሰን የምታሳየን እርቅ ግን ዳኛም ሽማግሌም የለውም፤ የሕፃኗ ቤተሰብ የለም፤ ካሳ የሚቀበል የለም። ፍራንክ ይቅር አይባልም፤ መጽሐፉም ይቅር አይለውም። ያደረገውን ከመናገሩ በፊት ግን ለእህቱ እውነተኛ ወንድም ሊሆን አይችልም ነበር። ጋሻ የሆነው ወንድም ራሱ ሕፃን ገዳይ ነው። ሲ አድጋ ሐዘኗን መያዝ መቻሏ፣ እሱም ጀግና መምሰሉን እንዲተው ፈቀደለት። የወንድምና እህት ግንኙነት ለእኔ በዚህ መጽሐፍ የታደሰው፣ አንዱ አዳኝ ሌላው ተዳኝ መሆኑ ሲቀር ነው።

ከዚህ በኋላ ፍራንክ አያቱንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ስለዚያ በልጅነቱ ስላየው ሬሳ ይጠይቃል። ይነግሩታል። ነጮች ጥቁር አባትና ልጅን ይዘው በስለት እንዲፋለሙ፣ አንዱ እስኪሞት እንዳያቆሙ አስገድደው በገንዘብ ይወራረዱባቸው ነበር። ልጁ አልችልም አለ። አባትየው ግደለኝ ብለው አዘዙት። ልጁ በሕይወት ወጣ፤ በደም ተነክሮ ሎተስ ደረሰ፤ ሰዎች ስንቅ ሰጥተው አሸሹት። ፈረሶቹ የተፋለሙበት ሜዳና ሰዎቹ የተፋለሙበት ቦታ አንድ ነው።

ፍራንክ ሲን ይዟት ወደዚያ ይሄዳል። አጽሙን ይቆፍራሉ። ሲ ያን የመጀመሪያ ድሪቶዋን ታመጣለች፤ አጥንቱን በእርሱ ጠቅልለው ወንዝ ዳር፣ መሐሉ ተሰንጥቆ ግን ለምልሞ በቆመ ዛፍ ሥር፣ ቆሞ እንዳለ ሰው ቀጥ አድርገው ይቀብሩታል። ፍራንክ እዚያ ያረፈው ሰው መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ በእንጨት ላይ ጽፎ ዛፉ ላይ ይቸነክራል። የኛ ቤተ ክርስቲያን «ፍልሰተ አጽም» የምትለው ሥርዓት አላት። ከ1991 በኋላ በየጅምላ መቃብሩ የልጆቻቸውን አጽም የፈለጉ እናቶችንም አገራችን አይታለች። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስሙን ለማያውቁት ሰው ይህን ለምን እንዳደረጉ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በልጅነቱ እህቱን አቅፎ ፍርሃቷን ወደ ራሱ የሳበ ወንድም፣ አሁን አጥንቱን አብራው እንድታነሣ ነው የጠራት። ድሪቶውም የእሷ ነው።

ሁሉ ነገር አልተጠገነም፤ ይህንም በግልጽ መናገር አለብኝ። ሌኖር በስትሮክ ተመትተው ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ከሲ ጋር አይታረቁም። እናትና አባት ልጆቻቸውን በወጉ ሳያቅፏቸው ሞተዋል። የኮሪያዋ ሕፃን ስም እንኳ የላትም። ጉድለትም አለበት፦ ሐኪሙ ሥጋና ደም የለበሰ ሰው ከመሆን ይልቅ የክፋት ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ፍራንክ ሲያትል ጥሏት የመጣው ሊሊ የምትባለው ልብስ ሰፊ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ተሰጥቷት ወዲያው ትረሳለች፤ ከዚያ የሚበልጥ ይገባት ነበር። በዚህ ቅጥነት ላይ ሃምሳ ገጽ ቢጨመር አልጠላም ነበር።

መጽሐፉን ልታነቡ ያሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች፣ ፈረሶቹንና ያቺን የምትንቀጠቀጥ እግር፣ ስትጀምሩ አንብቡ። መጽሐፉን ጨርሳችሁ ሳትዘጉት ደግሞ ወደ እነዚያው ገጾች ተመልሳችሁ እንደገና አንብቧቸው። ሣሩ ውስጥ የተደበቁት ሁለት ሕፃናት በሁለተኛው ንባብ እነዚያው ሰዎች አይሆኑም።